ዘውዱ ጨለማውን የከፈተበት ማግኔት

የራዲዮ ጠጋኙን የዘውዱን ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መርሳ ላይ አጥር ለአጥር ነው የኖርነው። ሰው አፉ የተሰፋ ይለዋል። አፉ እንጂ እጁ መች ተሰፍቶ!

በደርግ ጊዜ ነው። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጎህ ሳይቀድ እየጮኸ እንቅልፍ ሲነሳን ከርሞ አንድ ቀን ጸጥ አለ። ጠግን ብለው ለዘውዱ ሰጡት። እሱ ሆዬ የማጉያውን ሆድ ዘርግፎ ማግኔቱን ነቀለው! ሚስቱ ትርንጎ እያለቀሰች እኔ ዘንድ መጣች።

«እትዬ አለሚቱ፣ የሕዝብ ንብረት አፈረሰ ብለው ሊያስሩብኝ ነው! ሊቀመንበሩ እየመጣ ነው!»

ያን ጊዜ እስር ቤት የገባ ሁሉ አይወጣም። ሮጥኩ። ዘውዱ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብሏል። ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ ጥቁሩን ዘንግ አውጥቶ፣ እንደ ኩል አልሞ፣ በውሃ በጥብጦ፣ በሁለት መስታወት መሀል አስተኝቶታል። ስስ ነው፣ እንደ ሻሽ። «ማግኔቱን የነቀልኩት ለዚች ነው፤ ላሳያችሁ» አለኝ።

ሊቀመንበሩ ደሳለኝ ሽጉጡን ታጥቆ ገባ። «ማጉያው የታለ?»

«እስር ቤቱ የትም አይሄድ፤ መጀመሪያ ይችን እይ» አልኩት። ልጅ ሳለ አፍንጫውን ጠርጌለታለሁ፣ ምን ያመጣል?

ዘውዱ ቀስ ብሎ «ሽጉጥዎን ራቅ ያድርጉት ጓድ፤ ማግኔቱ ይስበዋል» አለ።

ደሳለኝ ግራ ቀኝ አየና ሽጉጡን ፈትቶ ለእኔ ሰጠኝ። አቤት ክብደቱ! ጭኔ ላይ አስተኛሁት።

ዘውዱ መስታወቱን ወደ መስኮቱ ያዘ። ጥቁር ነው፣ ምንም አያሳይ። ማግኔቱ እንደ ቀለበት መሀሉ ክፍት ነው፤ ከኋላ አስጠጋው። እግዚኦ! በቀዳዳው በኩል ጥቁሩ ሳሳ፣ ሳሳ፣ ደጅ ያለው ማንጎ ቅጠሉ ሳይቀር ታየ! ማንም አልነካውም። ማግኔቱን ሲያርቀው መልሶ ጨለመ። ባሕር ተከፈለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጨለማ ሲከፈል ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ምን አድርገኸው ነው?» አለ ደሳለኝ፣ ድምፁ አንሶ።

«ብናኙ ለማግኔቱ ዞሮ ጎኑን ይሰጣል፣ ብርሃኑ በመሀሉ ያልፋል። ለምን እንደሚታዘዝለት እኔም አላውቅ።»

«ድገመው።»

ደገመው። «ድገመው።» ፀሐይ መስኮቱን እስክትለቅ አፉን ከፍቶ አየ። ከዚያ ተነስቶ ወጣ።

«አንተ ደሳለኝ! ይችን ልጅህን እኔ ላሳድግልህ?» አልኩ፣ ሽጉጡን ይዤ።

አፍሮ ተመለሰና ታጠቀ።

«ማጉያውን ጠግነህ ታመጣለህ» አለው ዘውዱን። በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። «ግን... አትቸኩል።»

ዘውዱም አልቸኮለ። እኛም ጎህ እስኪቀድ ተኛን።