የተቃጠለ ጎማ ሽታ

ሸሪፍን የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ሰው «አፍንጫው» ይለው ነበር። ነጭ ሸሚዙን በየማለዳው ተኩሶ ይለብሳል፤ ተሳፋሪ የነካውን የበር እጀታ በጨርቅ ሳይወለውል አይነካም፤ በሰው ብርጭቆ ሻይ ከሚጠጣ ጥሙን ይዞ ቢውል ይመርጣል። እንዲህ ያለው ሰው እንጀራው ታክሲ መንዳት ሆነበት፤ የፈጣሪ ሥራ አይመረመርም።

ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ሰይቼንቶ ታክሲ የእሱ አልነበረችም፤ የካ ተራራ ሥር የሚኖሩት የወይዘሮ ደብሪቱ ነበረች። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የቤቱ ቀለብ የሚወጣው ከእሷ ነው። መኪናዋ መንገድ ላይ መቆም ስታበዛ ወይዘሮዋ ሸሪፍን አስጠርተው፣ «ከእንግዲህ አንዴ ብትቆም ቁልፉን ለከማለዲን እሰጣለሁ» አሉት። ከማለዲን በዚያው መስመር የሚነዳ፣ በመስኮት እየተፋ የሚሄድ ሹፌር ነው። ሸሪፍ ያ ሰው በወንበሩ ላይ ሲቀመጥ በዓይነ ኅሊናው ታየውና ቀፈፈው።

በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ሰፈር ሹፌር መኪናውን በሞተሪኖ፣ ቁልፍ አዙሮ፣ ማስነሳት ነውር ይመስለው ነበር። ዕቃ ከውጭ እንደልብ አይገባም፤ ባትሪ እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቃል። ስለዚህ ሁሉም ማታ የመኪናውን ፊት ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ያቆማል፤ ጠዋት ፍሬኑን ለቆ ጥቂት ካንደረደራት በኋላ ማርሽ ሲያስገባ ትነሳለች። ብልሃቱ መልካም ነበር። ነገር ግን ባትሪው ይድከም አይድከም ማን ያውቃል? ቁልቁለቱ ገመናዋን ይሸፍንላታል።

ቢሆንም መኪናዋ በራሷ ቋንቋ ስትናገር ሰንብታለች። ጡሩምባዋ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፅ ጎርናና ሆነ። ሲመሻሽ የፊት መብራቷ እንደ ኩራዝ ይደበዝዛል፤ ነዳጅ ሲረግጥ ደግሞ ፏ ይላል። ከመሪው ፊት ያለችው ቀይ መብራት በራሁ አልበራሁ ትላለች። ከኋላ፣ ከሞተሩ በኩል፣ ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ይሰማል። ሸሪፍ ሁሉን አይቷል፣ ሁሉን ሰምቷል፤ «ባትሪው አርጅቶ ነው» እያለ አለፈው። ያንገሸገሸው ሽታው ብቻ ነበር። የተቃጠለ ጎማ ይሸታል።

ጥፋተኛውን ለማግኘት አልዘገየም። አገርነሽ የምትባል ሴት ሾላ ገበያ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ትሸጣለች፤ አመሻሽ ላይ ጆንያዋን ይዛ ወደ ፈረንሳይ የምትወጣው በእሱ ታክሲ ነው። አንድ ቀን በሩ ላይ አቆማት።

«እትዬ አገርነሽ፣ ዛሬ አልጭንዎትም።»

«ምነው፣ ምን አጠፋሁ?»

«ጆንያዎ ይገማል። ሰው አማርሮኛል።»

«ማን ነው ያማረረህ? ይኸው ሁሉም ዝም ብሏል።»

«እኔ አማርሬያለሁ።»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተሳፋሪ፣ «ይተዉት እናቴ፣ ይህ ታክሲ መላእክት ብቻ ነው የሚጭነው» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አገርነሽ ግን አልሳቀችም። ጆንያዋን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን በእግሯ ተያያዘችው።

ሸሪፍ ወንበሩን በሳሙና አጠበው። በማግሥቱ ቁልቁለቱን አንደርድሮ ሲነሳ ሽታው እንዳለ ነው። «ሴትዮዋ ስፖንጁ ውስጥ ሰርጋ ገብታለች» ብሎ እንትፍ አለ።

ሾላ ደርሶ ሰው ሲያወርድ ሞተሩ ተንተፋትፎ ጸጥ አለ። ቁልፉን ቢያዞረው ጠቅ ብሎ ቀረ። ያለበት ቦታ ሜዳ ነው።

«ጓድ ሹፌር፣ ቁልቁለት እንዘዝልህ?» አለው አንድ ተሸካሚ። ከማለዲን በታክሲው አዝግሞ በአጠገቡ አለፈ፤ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ በመስኮት ተፋ።

አገርነሽ በረባሶዋን ከዘረጋችበት ሸራ ተነሥታ መጣች። መኪናዋን ዞረቻት።

«ዛሬ እንግዲህ ጆንያዬ የለም። ታዲያ የሚሸተው የማን ነው?»

ሸሪፍ የኋላውን ክዳን ከፈተ። ጭሱ ፊቱን መታው። የዲናሞው ኩሽኔታ ነክሶ አልዞር ብሏል፤ የሚያሽከረክረው የጎማ ችንጋ በላዩ እየተንሸራተተ ጠቁሮ ተልጧል። ባትሪውን ሊሞላ የሚገባው ዲናሞ ይህን ያህል ጊዜ እምብዛም ሳይሰጠው ኖሯል። ሸሪፍ ምራቁ መረረው። የገዛ ፊቱን በመኪናዋ መስታወት እንዳያይ ዞር አለ። አገርነሽ የሚለውን ሳትጠብቅ ወደ ሸራዋ ተመለሰች።

መኪናዋን እዚያው ትቶ ወይዘሮ ደብሪቱ ቤት ሲደርስ ከማለዲን ወሬውን አድርሶ ሄዷል። ወይዘሮዋ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን።»

ሰጣቸው። «እትዬ፣ ባትሪው አይደለም። ዲናሞው ነው። መኪናዋ ስትነግረኝ ከርማለች።»

«አንተ እንኳ አልሸተተህም?»

«ሸቶኛል። በሰው አሳብቤ ነው።»

ወይዘሮዋ ቁልፉን በመዳፋቸው አገላበጡ። «ከማለዲን ቢሆን ይህንንም አይነግረኝም ነበር» አሉ። «ፈትተህ ውሰድና አሠራው። ዲናሞው ድኖ እስኪመጣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ይቆያል።»

ሸሪፍ ሾላ ተመልሶ ዲናሞውን ፈትቶ፣ መያዣ ቢያጣ በእቅፉ አድርጎ አውቶቡስ ተሳፈረ። ግራሶው በነጭ ሸሚዙ ላይ ተዘረጋ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። አጠገቡ የቆሙ ሽማግሌ፣

«ልጄ፣ ይህን የገማ ነገር ወዲያ በልልን» አሉት።

«እኔንም እያቅለሸለሸኝ ነው አባቴ» አለ ሸሪፍ። «ግን የኔው ነው።»

ሽማግሌው መስኮቱን ከፈቱ።