ዳልቻ የማን ነው

ሰርካለም ሞላ ቂመኛ ናት ይሏታል። አዎ፣ ናት። እኔ ሀያት፣ ከሱቋ ጎን ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ፣ ደግ አደረገች ባይ ነኝ።

የወግዲ ገበሬ ልጅ ናት። ኮምፒውተር ተምራ መካነ ሰላም ላይ የስልክና የኮምፒውተር ጥገና ቤት ከፈተች። ደንበኛ በሌለ ሰዓት የእህል ዋጋን ለገበሬው በስልክ የሚልክ ፕሮግራም ሠራች። ሁለቱን ዋና ክፍሎች በበሬ ስም ቦራና ዳልቻ አለቻቸው። አንዱ ዋጋውን ይቀበላል፣ ሌላው ይልካል፤ አንዱ ከቆመ ሌላውም ይቆማል። ስሰማ ስቄባት ነበር።

እንዳልካቸው የክፍል ጓደኛችን ነበር፣ የጨርቅ ነጋዴው የታደለ ልጅ። "እስቲ ልየው፣ የጎደለ ካለ አግዝሻለሁ" ብሎ ቀድቶ ወሰደ። ቆየት ብሎ ደሴ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት በዚያው ፕሮግራም ሥራ ተቀጠረ። ኮዱንም ማንም እንዲያየው ኢንተርኔት ላይ ለጠፈው። ከላይ የእሷን ስም ፍቆ የራሱን ጽፏል። የቀረው እንዳለ ነው፤ ሰነፍ ስለሆነ የበሬዎቹን ስም እንኳ አልቀየረም።

"እዚያው ከሥሩ ጻፊና አዋርጂው" አልኳት።

"ካየው ያርመዋል" አለች።

ብራውዘሯ ላይ አንድ ነገር ጫነች። ኮድ ሲነበብ በየመስመሩ ጎን ማስታወሻ ያስጽፋል፣ ከጸሐፊው በቀር ግን ማንም አያየውም። ጭቃው ደንበኛ ሲያስቀርባት ክረምቱን ሙሉ እያነበበች ስትጽፍ ከረመች። አንድ ቀን ወንበሯ ላይ ተቀምጬ አየሁት። መጀመሪያ ላይ ያለው እርግማን ነው፦ "እዚህ ጋ ስሜን ፋቅህ። ስም አስጠሪ አይስጥህ።" ወደ ታች ስድቡ እየቀነሰ ይሄዳል። ቦራና ዳልቻ ያሉበት መስመር ጎን "የማን እንደሆኑ አልነገርኩህም" ብቻ ይላል። ምን ማለትሽ ነው ብላት "ቆይ" አለችኝ።

መስከረም ላይ እንዳልካቸው ከአለቃው ጋር ሆኖ ፕሮግራሙን ለገበሬው ሊያስተዋውቅ መጣ። የከተማው አዳራሽ ጢም አለ። ሰርካለም አባቷንና ጎረቤታቸውን ጋሽ ጀብሪልን ከወግዲ አስመጥታ ከፊት አስቀምጣለች። እንዳልካቸው ኮዱን ግድግዳው ላይ አብርቶ ይኮራል። እሷ ረጋ ብላ እጇን አወጣች።

"ቦራና ዳልቻ የማን በሬዎች ናቸው?"

ፈገግ አለ። "የአባቴ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ሲያርስባቸው አይ ነበር።"

ታደለ በዕድሜው ከሜትርና ከመቀስ ሌላ እንዳልጨበጠ የማያውቅ የመካነ ሰላም ሰው የለም። ሳቁ ከኋላ ጀመረ። ጋሽ ጀብሪል ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ልጄ፣ ዳልቻ የኔ በሬ ነበር፤ ቦራ ደግሞ የሞላ። ያለን አንድ አንድ በሬ ስለሆነ እያቀናጀን አንድ ቀን የሱን፣ አንድ ቀን የኔን ስናርስ ኖርን። ያባትህን በሬ ከዚያ ጥማድ ላይ አላየሁትም፣ ወላሂ።"

ሳቁ አዳራሹን አናወጠው። አለቃው ግን አልሳቀም። ወደ ሰርካለም ዞሮ "የጻፍሽው አንቺ ነሽ?" አላት። አዎ አለች። ስሟ ወደ ቦታው እንዲመለስ እዚያው ሰው ፊት አዘዘ።

በማግስቱ እንዳልካቸው ሱቋ መጣ። ከሥራው ሊባረር ነው። "ሰርኬ፣ አብረን ሠራነው በይልኝ። አንድ ቃል ነው የለመንኩሽ" አለ። ዓይኑ ደም መስሏል። እውነቱን ለመናገር እኔን አሳዘነኝ። እሷን አላሳዘናትም።

ወንበር ሰጠችው። ኮምፒውተሩን ወደሱ አዙራ ማስታወሻዎቿን ከፈተች።

"አንብብ። ድምፅህን ከፍ አድርገህ፣ ሀያትም ትስማ።"

ከመጀመሪያው እርግማን ጀመረ። መሀል ላይ ቀና ብሎ አያት።

"ጨርሼ ካነበብኩት ትይልኛለሽ?"

"አልልም" አለች። "ቀጥል።"

ቀጠለ።