ባትሪ የሌለው ጊታር

ባለፈው ወር ለሥራ አርባ ምንጭ ወርጄ በሲቀላ ገበያ ዳር ሳልፍ፣ ሸራ ላይ ከተዘረጉት መጫወቻዎች መሀል ሻጩ አንዱን ሮዝ የፕላስቲክ ጊታር ቁልፉን ሲጫነው ያንኑ የማያልቅ ዜማውን ለቀቀው። ቆሜ ሳዳምጥ የምገዛ መስሎት አቧራውን በእጅጌው ጠረገልኝ። ልክ እንደዚህ ያለ ጊታር ታናሽ እህቴ ሰብለ ነበራት።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ እዚያው አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ስንኖር፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው አባታችን የሙዚቃ መምህር ነበር። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክበብ ያለው አራት ማሲንቆ ብቻ፣ ልጁ ግን ብዙ ስለሆነ፣ የቀረው ከቤቱ ያገኘውን መጫወቻ ይዞ ይሰለፋል፤ ውሃ ሲሞሉት እንደ ወፍ የሚንጫጫ ፊሽካ፣ ጠጠር የተጨመረበት ቆርቆሮ፣ የሕፃን ከበሮ። አባዬ ኖታውን በእጁ ገልብጦ ከየድምፁ በላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሳ» እና «ግ» ይጽፍበታል፤ ደጋኑን ሳብ፣ ደጋኑን ግፋ ለማለት ነው። ዜማ ብንስት ብዙም አይከፋው፤ ደጋኖቻችን ከተቃረኑ ግን ደሙ ይፈላል። «ወላጅ የሚያየው እጃችሁን ነው! አንዱ ሲስብ ሌላው ከገፋ የተጣላ ቤተሰብ ነው የምትመስሉት!» ይለናል። ሦስተኛው ማሲንቆ የኔ ስለነበር ከዚህ ቁጣ ደህና ድርሻ ደርሶኛል።

ሰብለ ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣ ከፊሽካዎቹ ጋር አልቆምም፣ ማሲንቆ ካልያዝኩ ብላ ሙጭጭ አለች። የሚተርፍ ማሲንቆ የለም። አባዬ ሲመረው ሮዝ ጊታሯን ጉልበቷ ላይ አቁሞ፣ ከቀርከሃ ደጋን ሠርቶላት ከጎኔ አስቀመጣት፤ ጊታሩ ደስ ባለው ሰዓት ማዜም ስለሚወድም ባትሪውን አወጣበት። ከዚያ ወዲያ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ድምፅ የሌለው ጊታሯን እየገዘገዘች፣ «ሳ»ውንና «ግ»ውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ያዘችው።

የወላጆች ቀን ሕዝቡን ስናይ እጃችን ከዳን። ዜማው እኩሌታ ላይ የአራታችንም ደጋን ተበተነ፣ አባዬን ፊት ለፊታችን ላብ አጠመቀው። ዞር ስል ሰብለ አንድም ምልክት ሳትስት ትስባለች፣ ትገፋለች። እሷን ተከተልኩ፣ ሌሎቹም ተከተሉ፣ እንደምንም ጨረስን። ጎረቤታችን እማማ ድንቄ እልል ብለው፣ «ከሁሉም የትንሿ በለጠ!» አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሰብለ የአባዬን እጅ ይዛ፣ «አባዬ፣ የኔም ተሰማ?» አለችው።

አባዬ ጊታሯን ተቀብሎ ያዘላት። «ለከርሞ የእውነቱን ትይዣለሽ» አላት።

ከርሞ ሲደርስ አባዬ ወደ ካምባ ተዛወረ፣ እኛም ተከተልነው። ማሲንቆዎቹ የትምህርት ቤቱ ንብረት ናቸውና እዚያው ቀሩ፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ደግሞ ክበብ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሰብለ አንድ ሁለቴ ጠይቃ ተወችው።

አባዬ ካረፈ በኋላ ማሲንቆ ገዝቼ ሰጠኋት፤ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እንግዳ ትጫወቻለሽ ወይ ሲላት፣ ልጅ ሆኜ እጫወት ነበር ትላለች፤ አልዋሸችም፣ ከኔ ትሻል ነበር። ባለፈው እሁድ አውርጄ አቀበልኳት። ጉልበቷ ላይ አቆመችው፣ ደጋኑን ያዘች፣ እጇም ያንን የድሮውን ሳብና ግፋ ሳይዛነፍ ሄደበት፤ ደጋኑ ግን ክሩን አልነካም። አስነኪው እንጂ ብላት ሳቀች።

«ጎረቤት ይሰማል» ብላ መልሳ ሰቀለችው።