የመርፌው ቦታ

ነርስነት የምትማረው የልጄ ልጅ ሰሚራ ባለፈው ሳምንት ምግብ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ታጠና ነበር። ሥዕሉ ቆዳው የተገፈፈ የሰው ዳሌ ነው። ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ከላይ ተደርቧል፤ ከሥሩ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሌላ አለ፤ ከዚያም ትንንሾቹ። በመካከላቸው ጣት የሚያህል ቢጫ ገመድ ሾልኮ ወደ ጭን ይወርዳል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ነርቭ ነው እማማ፤ እስከ እግር ጣት ይደርሳል። መርፌ ስንወጋ እሱን እንዳንነካ ከመሀል ወደ ላይና ወደ ዳር በሉ ይሉናል።»

ትቻት ወደ ጓሮ ወጣሁ።

በንጉሡ ጊዜ ነው። ሳጉሬ ነበርን፤ አባቴ ገብስና ስንዴ ይነግድ ነበር። እኔ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ፣ በእግር መንገድ ከወንዶቹ የማልቀር ልጅ ነበርኩ። አንድ ክረምት ሳንባ ምች ያዘኝ። እናቴ ቅቤ ያጠጣችውን የገብስ ገንፎ ሽታውን እንኳ ጠላሁት። ታላቅ ወንድሜ ከድር በእህል ጭነት መኪና ጋቢና አሳፍሮ አሰላ ወሰደኝ። የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ መኪናው ጭቃው ውስጥ ይዋኛል፣ እኔ በየጉድጓዱ አቃስታለሁ።

አሰላ ውስጥ አንድ ድሬሰር፣ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት የተማረ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ሕክምና ከፍቶ ነበር። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል። ያኔ መርፌ ያልተወጋ ታከምኩ አይልም፤ ሰልፉ እስከ አጥሩ በር ነው። ድሬሰሩ በሆዴ አስተኝቶኝ፣ እጁ ያረፈበት ቦታ፣ መሀል መቀመጫዬ ላይ ወጋኝ። መብረቅ የመሰለ ነገር ከዳሌዬ ተነስቶ በባቴ አልፎ ጣቶቼ ላይ ደረሰ።

«እግሬ ተቃጠለ፤ ያውጡልኝ» ብዬ ጮኽኩ።

«ትልቅ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ዝም በይ» አለና መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ገፋው።

ትኩሳቱ ለቀቀኝ። እግሬ ግን አልነሳ አለ። ስራመድ ጣቶቼ መሬት ይጭራሉ፣ ባቴ እየከሳ ሄደ። ለልጃቸው አጭተውኝ የነበሩ ሰዎች ሽማግሌ ልከው «ልጅቷ ትታከም፣ እኛም እንቆይ» አሉ። ተመልሰው አልመጡም።

መንገዱ ሲደርቅ ከድር እንደገና ወሰደኝ። ድሬሰሩ እግሬን በእጁ እንኳ ሳይነካ፣ «በሽታው ነው ወደ እግሯ የወረደው። ባልወጋት ትሞት ነበር፤ አመስግኑ» አለ። ወንድሜ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ «እድሜ ይስጥዎ ዶክተር» አለው። እኔ እዚያው ቆሜ እያለሁ፣ ስለ እኔ እግር አመሰገነው።

ከኋላችን አንዲት እናት ትንሽ ሴት ልጇን ጭኗ ላይ በሆዷ አስተኝታ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ድሬሰሩ መርፌውን ይዞ ዞረ። እጁ ወደዚያው ወደ መሀል ሲሄድ አየሁ። እግሬን እየጎተትኩ ደርሼ መዳፌን የልጅቷ መቀመጫ ላይ አሳረፍኩ።

«እጅሽን አንሺ» አለኝ።

«አላነሳም።»

ከድር ትከሻዬን ይዞ ጎተተኝ። ለእናትየዋ በኦሮምኛ፣ «እኔንም የወጋኝ እዚሁ ቦታ ነው። እግሬን እይ» አልኳት። ቀሚሴን ሰብስቤ ተራመድኩላት። እናትየዋ እግሬን አየች፣ ድሬሰሩን አየች፤ ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች።

ድሬሰሩ ባለጌ ብሎ ሰደበኝ። ከድር አፍሮብኝ ሳጉሬ እስክንገባ አላናገረኝም። ሰውዬውን የጠየቀው የለም። በሚቀጥለው ገበያ ሰልፉ እንደ ድሮው ረዝሞ ነበር አሉ። ኋላም ሌላ ከተማ ሄዶ ሰፋ ያለ ቤት እንደከፈተ ሰማሁ።

ማታ ይህን ሁሉ ለሰሚራ ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ፣ «እማማ፣ ያኔ እኮ ሥልጠናው አጭር ነበር፤ ቦታውን ላያውቅ ይችላል» አለችኝ።

«ቦታውን አለማወቁን ልተውለት» አልኳት። «ሰው ሲጮህ ማቆም ግን የስንት ዓመት ትምህርት ይፈልጋል?»

ሰው ሲያረጅ ቁጣው ይበርዳል ሲሉ እሰማለሁ። የእኔ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልለምንም። በሚቀጥለው ወር ሰሚራ ሆስፒታል ገብታ በሽተኛ መውጋት ትጀምራለች። አንድ ነገር ብቻ አስማልኳት፦ የተኛው ሰው ተቃጠልኩ ካለሽ መጀመሪያ መርፌውን ንቀይ፤ ምክንያቱን በኋላ ትጠይቂያለሽ።