በሽማግሌ ፊት ቃል የተገባበት ጊታር

ታዲዎስ ሙዚቃ እንደማይሆንለት የተነገረው ገና በልጅነቱ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ሲያጠኑ አስጠኚው ጆሮውን አዘንብሎ ረድፉን ሲፈትሽ ቆየና እሱ ፊት ሲደርስ ቀጥ አለ። «ታዲዎስ፣ አንተ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ» አለው። ታዲዎስም አንቀሳቀሰ። እንዲያውም ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል እንደ እሱ ከንፈሩን አሳምሮ የሚያንቀሳቅስ አልነበረም ይላል። ይህን ታሪክ የሚያወራው ራሱ ነው። ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳያወራበት ይፈጥናል።

ዛሬ ሃምሳን ያለፈ፣ ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ሲመታ ያረጀ የቂርቆስ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጊታር ምን ያደርግለታል? ሚስቱ መድኃኒት ይህንኑ ጠይቃዋለች፣ አጥጋቢ መልስ ግን አላገኘችም። ነገሩ የተጀመረው አንድ እሁድ ከሰዓት ካዛንቺስ ውስጥ ነው። ካልፈረሰው ወገን የቀረች አንዲት ካፌ ጓሮ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ጊታር ይመታሉ። ኤሌክትሪክ የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ፣ እንጨትና ክር ብቻ። የሚጫወቱት ደግሞ የአገር ቤት ዜማ ነው። ታዲዎስ ማኪያቶውን ይዞ እንደቆመ ባቲ ቅኝት ሰማ። ድሮ እሱ ባደገበት ግቢ ሙሽራ ስትሸኝ ሴቶቹ የሚያዜሙት ዓይነት ነው። ማኪያቶው ቀዘቀዘ።

«ጋሼ፣ ይወዳሉ እንዴ? በቃ ጊታር ይግዙና ይቀላቀሉን» አለው ከመካከላቸው ዳግም የሚባለው የባንክ ሠራተኛ። አጠገቡ የተቀመጠችው ፋርማሲስቷ ሀፊዛም ወንበር ሳበችለት።

በሳምንቱ ሦስቱም ደምበል አካባቢ ወዳለ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ሄዱ። ዳግም ምክሩን ያዘጋጀው ከመንገድ ጀምሮ ነው። ለጀማሪ ናይለን ክር ያለው፣ አነስ ያለ፣ ለጣት የማይጎረብጥ ጊታር ይሻላል አለ። ታዲዎስ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠና መደብሩ ውስጥ ሲገባ ሁሉንም ረሳው። ዕቃ መምረጥ የሚያውቀው በበዓል ሰሞን በግ ተራ ነው። ስለዚህ አንዱን ጊታር አንሥቶ ክብደቱን መዘነ፣ ጀርባውን ዳበሰ፣ ሆዱን ኳ ኳ አደረገ፣ ጎንበስ ብሎም በቀዳዳው ወደ ውስጥ ተመለከተ። ጥርስ ቢኖረው ጥርሱንም ባየ ነበር።

«ይሄኛው ናይለን ነው፣ ይሞክሩት» አለች ሀፊዛ።

«ናይለንማ ልብስ ማስጫ ነው» አለ ታዲዎስ። «እኔ የምፈልገው ጊታር ነው።» ዓይኑ ያረፈው ከሁሉም ግዙፍ በሆነው፣ የብረት ክር ባለው ቀይ ጊታር ላይ ነበር። ከነቀለሙ ያብረቀርቃል።

«ጋሽ ታዲ፣ ይሄ እኮ ከእርስዎ ይበልጣል!» አለ ዳግም።

ሻጩ ግን ነገር አዋቂ ነው። «ተዋቸው፣ እሳቸው ጆሮ አላቸው» አለ። ታዲዎስን እንዲህ ብሎት የሚያውቅ ሰው በዕድሜው ሙሉ አልገጠመውም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደሚባለው፣ ሻጩ ንግግሩን ሳይጨርስ ቀዩ ጊታር ታዲዎስ እቅፍ ውስጥ ነበር።

የብረት ክር የወረቀት ሰው ጣት አያውቅም። ትንሽ እንደተለማመደ የጣቶቹ ጫፍ አብጦ ማኅተም መያዝ አቃተው፣ አለቃውም «ምን ሆነህ ነው?» ሲለው በር ነው የቀጠቀጠኝ ብሎ ዋሸ። ከዚያ በኋላ ጊታሩ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ለግድግዳው በጣም ያምርበት ነበር፣ እዚያው ቢቀር ለሁሉም ደግ ነበር።

ታዲያ በዚህ መሃል የሴት ልጁ የልዩ የትዳር ነገር መጣ። ልዩ ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ዮአብ የሚባል ጨዋ ልጅ ወዳ ነበርና፣ ዮአብ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹን የመሩት ዮአብን ያሳደጉት አጎቱ አቶ ካሳይ ናቸው። ንግግራቸው ቁጥብ፣ ጋቢያቸው ነጭ፣ ሲያዩ ሰው የሚመዝኑ ሰው። ታዲዎስ የሴት ልጅ አባት ሊሆን እንደሚገባው ፊቱን አኮሳትሮ ተቀመጠ። ያን ቀን የልጅቱ አባት ንጉሥ ነው፣ ማኅተም መቺም ቢሆን። ልመናው አልቆ፣ ልጅቱ ተፈቅዳ፣ ምርቃቱ ወርዶ ሰው ሁሉ ቀለል ሲለው፣ አቶ ካሳይ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ።

«ይህ ጊታር የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ይጫወታሉ ማለት ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አይ፣ ለጌጥ ነው» ቢል ማንም አይፈርድበትም። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ታዲዎስ ደረቱን ነፋ አደረገና «እንዴታ! የድሮውን የሠርግ ዜማ ነው የምጫወተው» አለ።

«እንግዲያውስ ልጅቱን ሰጥተው ዜማውን አይነፍጉንም» አሉ አቶ ካሳይ። «በመልሱ ዕለት እንሰማዎታለን።»

«ቃሌ ነው» አለ ታዲዎስ። ከጓዳ ልዩ «ወይኔ!» ስትል ተሰማ።

ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ ልዩ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ማለቴ… ሌላ የፈለግከውን ነገር ጠይቀኝ። መጫወቱ ግን ይቅር፣ እሺ?»

«በሽማግሌ ፊት ቃል ገብቻለሁ እኮ ልጄ።»

«ቪዲዮ ይቀረጻል! በቃ ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ነህ። የዮአብ ዘመዶች ምን ይሉኛል?»

«ከንፈሬን ብቻ ባንቀሳቅስስ?» አለ እንደ ልማዱ። ልዩ አልሳቀችም።

«አፍራለሁ አባዬ» ብላው ወደ ክፍሏ ገባች።

ታዲዎስ በራሱ ሲቀልድ የኖረ ሰው ነው። ልጁ በእሱ ስታፍር ግን ቀልድ አጣ። ቢጫወት ልጁን ያሳፍራታል። ቃሉን ቢያጥፍ ደግሞ «የአባቷ ቃል ውኃ ነው» ተብላ ነው አማቶቿ ቤት የምትገባው። የቀረችው መንገድ አንዲት ብቻ ነች፦ ያን ዜማ ሳያበላሹ መቻል። ለእሱ ደግሞ ከሁሉም የከበደው ይኸው ነው።

ጊታሩ ከግድግዳ ወረደ። ታዲዎስ በየእሁዱ ካዛንቺስ እየሄደ ዳግም የሚያሳየውን የጣት አያያዝ ተማረ። በስልኩ መቃኛ ጊታሩን ቃኝቶ «ልክ ነው» የሚለው አረንጓዴ መብራት ሲበራለት ይደሰታል፣ ሲጫወት ግን ዜማው ፈረንጅ አማርኛ ሲናገር ይመስላል። ቃሉ ልክ ነው፣ የሆነ ነገር ግን ተጣሟል። ጣቶቹ እንደ ጀማሪ ጸሐፊ አንድ አንድ ፊደል ይፈልጋሉ። አንደኛውን ክር ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል።

አንድ ቀን ቤቱ ባዶ ሳለ ተናደደ። «ይሄ ፈረንጅ አልሰማ ካለኝ እኔ ነኝ አማርኛ የማስተምረው» አለ። መቃኛውን ዘጋና ጆሮውን የጊታሩ ሆድ ላይ ለጥፎ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ማጠንጠንና ማላላት ያዘ። ስድስቱም ክር በግራ እጅ ሳይያዙ ገና ሲመቱ ባቲን እንዲሉ ፈለገ፣ ልክ እንደ ክራር። ድሮ ቂርቆስ ጠጅ ቤት በር ላይ ቆሞ ያያቸው ክራር መቺዎች በቀኝ እጃቸው ክሮቹን ሁሉ ይመታሉ፣ በግራቸው ጣቶች ደግሞ የማይፈልጉትን ክር ዝም ያሰኛሉ። በጊታር ይህን የሚሞክር ጤነኛ ሰው የለም። አንድ ክር ተበጥሶ ጉንጩን ገረፈው፣ ሌላውም ተከተለ። አዲስ ክር ገዝቶ ቀጠለ። በስተመጨረሻ ክንዱን አወናጭፎ ሲመታው ያ የግቢው የሴቶች ዜማ ሳሎኑ ውስጥ ተሰማ። ታዲዎስ ደንግጦ ወደ ኋላው ዞሮ አየ፣ ሌላ ሰው የመታው መስሎት።

እሁድ ሀፊዛ ጊታሩን ተቀብላ አንድ ጊዜ መታችውና ጮኸች። «ጋሽ ታዲ! ምን አደረጉት?»

ዳግም ቁልፎቹን አየ፣ ክሮቹን አየ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በቃ ጊታር አይደለም። ክራር ሆኗል። እንዲህ አይደረግም፣ አንገቱ ይጎብጣል!»

«የእኔስ መች ቀና አለ?» አለ ታዲዎስ፣ ተቀብሎም መታው። ግራ እጁ የማያስፈልገውን ክር ዝም ሲያሰኝ ጎበዝ ነበር። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ዋና ሙያው ይኸው ነው፤ ባለጉዳይ ዝም ማሰኘት፣ ስልክ ዝም ማሰኘት። ዳግም ቆይቶ «እንዳይነኩት፣ እንዳለ ይተዉት» አለ። አብሮ የሚያዜምበትን የድምፁን ነገር ግን ማንም አላነሣም፣ ሰው ይሉኝታ አለዋ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የመልሱ ቀን ደረሰ። ቂርቆስ ያለው ግቢ ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ መንገዱን ሁሉ ያዘ። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ አቶ ካሳይ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የገቡልን ቃል ነበር» አሉ። ታዲዎስ ወደ ልዩ አየ። ሙሽራዋ አንገቷን አቀርቅራ የካባዋን ጥለት ትቆጥራለች። ተነሥቶ ቀዩን ጊታር አመጣና ከሙሽሮቹ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ስልኮች ወደ ላይ ወጡ።

ክሮቹ አላሳፈሩትም። ጎርነን ብለው ሲወጡ ያረጁ ሴቶች ዜማውን ወዲያው አወቁትና አጨበጨቡ። ከዚያ ታዲዎስ አፉን ከፈተ። ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበት አንድ ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ድምፁ ደረጃ እንደሳተ ሰው ተንሸራትቶ ወደ ጎን ሄደ። ጭብጨባው ቀዘቀዘ። አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ታዲዎስ ቀጥሎ የሚመጣው ስንኝ ከራሱ ውስጥ ጠፋበት።

በዚህ ጊዜ አብሮ አደጉ ዓብዱልሀሚድ፣ የሰፈሩ ባለሱቅ፣ ከኋላ ተነሥቶ «ተቀበል!» አለ። እንደሚታወቀው ተቀበል ከተባለ ዘፋኝ ምርጫ የለውም። ግጥሙ ቢሰድበውም ተቀብሎ ያዜመዋል።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማኅተም መትቶ ኖሮ፣
ዛሬ ጊታር መታ መሥሪያ ቤት ቀይሮ!»

ድንኳኑ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ታዲዎስ በዚያው በተንሸራተተ ድምፁ ስድቡን ቃል በቃል ተቀበለ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ያውቅበታል፣ በራሱ መቀለድ የዕድሜ ልክ ሥራው ነው። ሰው እየሳቀ ማጨብጨብ ጀመረ። ከየአቅጣጫው ተቀበል ዘነበ። ራሰ በራነቱ ተገጠመ፣ የጊታሩ ቅላት ተገጠመ፣ ሁሉንም ተቀበለ። በመጨረሻ አቶ ካሳይ ከነጋቢያቸው ተነሡ።

«ተቀበል!
ልጅ ልንወስድ መጣን ከእናንተ ደጃፍ፣
ጊታሩም ይጨመር ጎረቤት እንዲያርፍ!»

ይህንንም ተቀበለ። አቶ ካሳይ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ሲስቁ የዮአብ ዘመዶች ሁሉ ተከተሉ። ታዲዎስ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያየው። ልዩ አሁንም አቀርቅራለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልታወቀውም። አሁን ልቁም እያለ ሲያስብ ቀና አለች።

«ተቀበል አባዬ» አለች።

«አትዝፈን እያልኩኝ ሳፍርበት ኖሬ፣
ይኸው ድምፁን ይዤ ወጣሁ ከሰፈሬ።»

ታዲዎስ ክሮቹን መታ። የመጀመሪያው ስንኝ ወጣለት። ሁለተኛው ላይ ቆመ። እንደገና መታ፣ እንደገና ቆመ። ስድቡን ሁሉ የተቀበለ ሰው ይህችን መቀበል አቃተው። ሰው ሁሉ ይጠብቃል፣ እሱ ክሩን ብቻ ይመታል።

ልዩ ካባዋን ሰብስባ ከሙሽራ ወንበሯ ወረደችና አጠገቡ መጥታ በእሱ ፈንታ አነሣችው። ታዲዎስ ልጁ ስትዘፍን ሰምቶ አያውቅም። ስንኙን ከታች ጀምራ በደንብ ይዛ ወጣች። ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ ተንሸራትቶ ወደ ጎን ሄደ፣ እሱ በወደቀበት በዚያው ቦታ።

ዮአብ አፉን ከፍቶ ቀረ። አቶ ካሳይ ወደ እሱ ዘንበል ብለው «ይህን ነግረውን ነበር?» አሉት።

«አልነገሩንም» አለ ዮአብ።

ልዩ ፊቷ በእንባ ርሶ እየሳቀች የአባቷን ትከሻ ያዘች። «እኔም እዚህ ጋ ነው የምወድቀው፣ አባዬ» አለችው በጆሮው። ታዲዎስ በዚያ ሁሉ ስልክ ፊት አለቀሰ። ከዚያ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና ከልጁ ጋር ስንኙን እንደገና ከመጀመሪያው አነሡት።