ፈረንጁ ሐሳባችንን ሊጠይቀን የመጣ ጊዜ

ከተፈጥሮዬ ወሬ እወዳለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ ጎረቤት ምን እንደተሠራ ሳታውቅ እንቅልፍ አይወስዳትም» ትለኝ ነበር፤ አልዋሸችም። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አሰላ ውስጥ የስልክ መስመር ይዘረጋ የነበረ አንድ የውጭ ኩባንያ ቀጥሮ የስልክ ማገናኛው ስዊችቦርድ ላይ ሲያስቀምጠኝ፣ እንደ እኔ ላለችው ደመወዝ ያለው ድግስ ነበር። የሰው ንግግር ማዳመጥ በጥብቅ ክልክል ነው። ቢሆንም «እባክሽ አገናኚኝ» የምትለዋ ቃል ብቻ ብዙ ታወራለች። ማን እንደተቆጣ፣ የማን ቤት ሰላም እንደሌለው ከመጀመሪያው ሃሎ አውቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልደረስኩበትም። አብረውኝ የሚውሉት ሰዎች ስለ ሥራቸው ምን ያስባሉ? ሥራ እንዴት ነው ስላቸው ክርስቲያኑ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ እስላሙ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ፍንክች የለም። ስወተውታቸው ይስቁብኛል እንጂ አይናገሩም።

ስለዚህ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ፈረንጅ ሊመጣ ነው፣ ሠራተኛውን አንድ በአንድ እያስገባ ስለ ሥራው ምን እንደሚያስብ ሊጠይቅ ነው፣ ቋንቋውን ስለምታውቂ የምታስተረጉሚውም አንቺ ነሽ ስባል ደስታዬን አልቻልኩትም። ሌላው ሰው ግን ፊቱ ጠቆረ።

«አሠሪ ሠራተኛውን ሐሳብህ ምንድን ነው ሲል የት ታይቷል?» አለ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ። «ሰው ሊቀንሱ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።»

የፈሩት በከንቱ አልነበረም። ከመስመር ዘርጊዎቹ አንዱ፣ ከዲክሲስ አካባቢ የመጣ የልጆች አባት፣ ባለፈው ክረምት በኢተያ መንገድ የስልክ እንጨት ላይ ሳለ ነፋስ ተነሥቶ እንጨቱን አወዛወዘው። ሰውየው እንጨቱን አቅፎ ቀረ። በገመድ አስረው ነው ያወረዱት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክንድ ያህል ከመሬት ከፍ ካለ ራሱን ያዞረዋል። እንጨት የማይወጣ መስመር ዘርጊ ደግሞ ይሰናበታል። ጓደኞቹ ይህን ስለሚያውቁ የእሱን ድርሻ እየተከፋፈሉ ይወጡለታል፤ የካምፓችን አለቃ ሲመጣ እሱ የመውጫ ቀበቶውን ታጥቆ አሁን የወረደ መስሎ ይቆማል። ካምፑ ውስጥ ይህን የማያውቅ አለቃው ብቻ ነበር።

ፈረንጁ በሚመጣበት ዋዜማ ከሥራ በኋላ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ለየብቻ ከገባን አንዱ ምሥጢሩ ያመልጠዋል ተባለ። እንግዲያው እንደ አገሩ ወግ አንድ ሰው ይወከልና ለሁላችን ይናገር፤ ሌላው እየገባ በዚያው ይጽና። የተመረጡት አንደበተ ርቱዕ የነበሩት ሽማግሌ ዘበኛችን ናቸው።

በማግስቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ተዘጋጀ። ፈረንጁ ረጅም፣ ፀሐይ አንገቱን የለበለበው፣ ትሑት ሰው ነበር። ዘበኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና የኩባንያውን ባለቤቶች፣ ልጆቻቸውን፣ ከብቶቻቸውን ሳይቀር መረቁ። እኔም ከብቶቹን ጨምሬ ተረጎምኩ። ከዚያ ሾፌሩ ገባ፤ «ዘበኛው እንዳሉት ነው» አለ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ገባ፤ «ዘበኛው እንዳሉት።» መስመር ዘርጊዎቹም ተራ በተራ እንደዚያው። ፈረንጁ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «እኒህ ዘበኛ ለመሆኑ የምን አለቃ ናቸው?» ሲለኝ ሳቄን በመሐረብ አፈንኩት። ግን አዝኜም ነበር። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ቀን እንደዋዛ ሊያልፍ ነው።

የመጨረሻው ያ እንጨት መውጣት ያቃተው ሰው ነበር። ተቀመጠ፤ ፈረንጁ ጥያቄውን ጠየቀ፤ እኔ ተረጎምኩ፣ መልሱንም በአፌ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ።

«እኔ ከክረምት ወዲህ እንጨት ወጥቼ አላውቅም» አለ። «ፈራሁ። የእኔን ጓደኞቼ ናቸው የሚወጡልኝ። ቀበቶ ታጥቄ መቆም ሰለቸኝ።»

«ወንድሜ፣ ይህን ልበለው?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ያልኩትን በይው እህቴ። ወላሂ አትቀንሺ።»

ነገርኩት። ፈረንጁ «ሌሎቹ ሁሉ ደብቀውታል። እሱ ለምን ነገረኝ?» አለ። ስጠይቀው ሰውየው በጥያቄው ተገረመ።

«ጠየቀኛ! ከልጅነቴ ጀምሮ ለሰው ስሠራ ምን ታስባለህ ያለኝ የለም። የጠየቀን ሰው እንዴት ይዋሻል?» ቀጠለና፣ «እሱስ? ስለ ራሱ ሥራ ምን ያስባል? ጠይቂልኝ» አለኝ።

ወግ ነው፤ እንዴት ነህ የተባለ ሰው አንተስ ይላል። ከእኛ ውስጥ ይህን ያስታወሰ ሌላ ሰው አልነበረም። ፈረንጁ ፊቱ ቀላ። «ጥሩ ነው» አለ ፈጠን ብሎ። «ኩባንያው በጣም ጥሩ ነው።» ቁርጥ የዕቃ ቤቱን ኃላፊ ድምፅ! ገና ሳልተረጉመው መስመር ዘርጊው ሳቀ።

«እሱም ይፈራል እንዴ?» አለ።

ይህንንም ተረጎምኩ። ከየት እንዳመጣሁት የማላውቀው ድፍረት ነበር። ፈረንጁ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸና ያላሰብኩትን ተናገረ። የተላከው እውነትም ከየካምፑ ማን ሊቀነስ እንደሚችል ለማየት ነው። ባዶ እጁን ቢመለስ የራሱም ወንበር አያስተማምንም። ሰውየው ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ለራሱ ሳይሆን ለፈረንጁ ያዘነ ይመስል ነበር። ከዚያ ፈረንጁ አለቃውን አስጠርቶ ሁለቱ ለብቻቸው ብዙ ተጨቃጨቁ። ስንጠራ ነገሩ ተቆርጧል፤ ሰውየው አይባረርም፤ ከነገ ጀምሮ መሬት ላይ ገመድ ይስባል፣ ጉድጓድ ያስቆፍራል፤ ቀበቶውን ግን ለዕቃ ቤት ያስረክባል። ስነግረው ከሱ ይልቅ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ጓደኞቹ ውጭ ተሸክመው ሊጨፍሩበት ምንም አልቀራቸው።

በሳምንቱ አዲሱን መስመር ከጫፉ ደውዬ እንድሞክር በመኪና ወደ ዲክሲስ መንገድ ወሰዱኝ። ጭጋግ ነበር። የገብሱ ማሳ እንኳ በቅጡ አይታይም። ከወጣት መስመር ዘርጊዎቹ አንዱ እንደ ልማዱ የመውጫ ብረቱን እግሩ ላይ እያሰረ «የአንተን ልውጣልህ» አለው።

«የእኔ የሚባል የለም አሁን» አለ ሰውየው።

ያለውን ያለው ያለ ምሬት ነበር። እንጀራው በመትረፉ ስንጨፍር ምን እንዳስረከበ ያሰበ ሰው አልነበረም። ወጣቱ እንጨቱን ወጣ። ሰውየው መዳፉን እንጨቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሽቅብ ያየዋል። ዕቃ ቤት ውስጥ ያን ሁሉ ሲናገር ሥራውን ይወድደው እንደሆነ አልጠየቅነውም፤ አሁን መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ምን ይታይሃል?» ብሎ ጮኸ ወደ ላይ።

«ምንም! ጭጋግ ነው!»

«ቆየት በል፣ አትውረድ» አለው። «በስተግራ በኩል ሲገለጥ ሲሬ ከተማ ድረስ ይታያል።»