የዘጠና ስድስት በር ጣጣ

ማክሰኞ መጋቢት 10 ቀን ጠዋት የቁልፍ ሠሪው ልጅ የአባቷን ሱቅ ስትከፍት ሞርሳው አንድ የበር ቁልፍ ሲሊንደር እንደነከሰ ነበር። ከአምስቱ ፒኖች ሦስቱ ገብተዋል። የቀሩት ሁለቱ ከነሞላዎቻቸው በነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል፤ ወረንጦው አጠገባቸው ተጋድሟል። የሰፈሩ ጎማ ጠጋኝ በር ነው። ቁልፍ ሠሪው በዋዜማው አመሻሽ ቤታቸው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው አርፈዋል። አንዱን ጫማ አውልቀው ነበር፤ ሌላውን አላወለቁም።

ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ጋሽ ሞረድ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣላቸው መሣሪያቸው ብቻ አይደለም፤ ምላሳቸውም ረድቷል። ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ የመጣ ሰው «ራስህንስ ይዘኸው መጥተሃል?» የምትለዋን ሳይቀምስ ሥራው አይጀመርለትም። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማታስቆም ሱቅ ውስጥ ሰላሳ ስምንት ዓመት ቁልፍ ቀርጸዋል።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ለሚያምናቸው ደንበኛ ሁለት ቁልፍ ሲያስረክቡ ሦስተኛዋን እሳቸው ያስቀራሉ። በሩ ተዘግቶበት ደጅ የቀረ ሁሉ በር ከመስበር ይልቅ ወደ ጋሽ ሞረድ ይሮጣል። ሦስተኛዎቹ ቁልፎች ከመቅረጫ ማሽኑ በላይ ባለው ሰሌዳ ላይ በስምንት ረድፍ፣ በየረድፉ አሥራ ሁለት ሆነው ይንጠለጠላሉ፤ ዘጠና ስድስት በር ማለት ነው። በእያንዳንዷ ላይ የተመታው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም። ቁጥሩን ከባለቤቱ የሚያገናኘው ደብተር ቤታቸው ነው፤ የት እንደሆነ ልጃቸው እንኳ አታውቅም ነበር። «ሰሌዳውን የሰረቀ ደብተሩን ካላገኘ ምን ያደርግበታል? ለብረት ገዢ ይሽጠው!» ይሉ ነበር።

ከፎቶ ቁልፍ አይቀርጹም። ስልኩን ዘርግቶ «ከዚህ ላይ አያዩትም?» የሚል ደንበኛ ሲመጣ፣ «የምሳህንም ፎቶ ብላ!» ብለው ይመልሱታል። እምቢ የሚሉት ግን አደጋውን ተረድተው አልነበረም። በአንድ ጥርስና በሌላው መካከል ያለው የጥልቀት ልዩነት ከወረቀት ብዙም አይወፍርም፤ እንዲህ ያለ ነገር በጣት እንጂ በዓይን አይያዝም ብለው ያምኑ ነበር። ይህችን እምነት ያፈረሰባቸው የለም፤ እስከ ጥር ድረስ።

ልጃቸው ፎቶ ቤት ትሠራለች። ኅዳር 4 ቀን ጥሩውን ካሜራ ይዛ መጣች፤ የአባቷን ሥራ ቀርጻ ገጿ ላይ ልታወጣ።

«አባዬ፣ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ። ካሜራውን አትየው።»

«ግንባሬ ላይ ተክለሽው እንዴት አላየውም?»

«እሺ እየው፤ ብቻ አትቆጣው።»

መቅረጽ ልትጀምር ስትል «ቆይ!» አሉና በርጩማ ላይ ወጡ። ቁጥራቸው እንዳይታይ ዘጠና ስድስቱንም ቁልፎች አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው አዞሯቸው። ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ሲወርዱ ኩራት ነበረባቸው። ጥርሶቹ፣ ከፊትም ከኋላም ያው ጥርሶች፣ በመስኮቱ ብርሃን ጥርት ብለው ካሜራውን ያዩታል።

ቪዲዮው ሰው ወደደው። የገዛ ደንበኞቻቸው ደግሞ ከሥሩ ይጽፉ ጀመር። የፋርማሲዋ ባለቤት፣ «ሁለተኛው ረድፍ፣ ከግራ አራተኛዋ የእኛ ናት! ቀይ ቀለም የነካት!» አለች። አንዱ፣ «ጥግ ላይ ያለችው የእኔ! ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለነው እኮ ነን፤ ኑሩልን ጋሼ!» ሌላዋ ደግሞ ባሰች፤ «አምስተኛው ረድፍ መጀመሪያ! ለአንድ ወር ከከተማ ስለወጣን ሰፈራችን ናፈቀን።» ልጃቸው እያነበበች አሰማቻቸው። ደስ አላቸው። ደስ እንዳላቸው መካድ አይቻልም፤ የውሃ ታንከሩን ሁለት ጊዜ አስነብበዋታል።

ጥር 16 ቀን ጎማ ጠጋኙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ እየሳቀ ገባ።

«ጋሼ፣ ጉድ ላሳይዎት!»

«ጉድማ አንተ አለህልኝ።»

ስልኩን ዘረጋላቸው። ከቪዲዮው ላይ የራሱን ቁልፍ ቆርጦ አውጥቶ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚሉት ነገር ሰጥቶታል። የጥርሶቹ ጥልቀት ስንት ስንት ነው ብሎ ጠይቆታል። እሱም አምስት ቁጥር ደርድሮ መልሷል። ጋሽ ሞረድ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ቁልፏን ከሰሌዳው አወረዱ፤ በካሊፐር ለኩ። ሦስት፣ አምስት፣ ሁለት፣ ስድስት። ልክ ነው። የመጨረሻዋ አራት ናት፤ ስልኩ አምስት ብሏል።

«አንዷን ስቷል!» አለ ጎማ ጠጋኙ፣ ፊታቸው ሲለወጥ ሊያጽናናቸው ፈልጎ።

«አንዷን መሳት ማለት ቢበዛ አሥር ጥሬ ቁልፍ ማበላሸት ነው። ከአሥሩ አንዷ ቤትህን ትከፍታለች። ከምሳ በፊት!» ካሊፐሩን አስቀመጡት። «ዝም ብሎ ነገረህ? ማን ነህ አላለህም?»

«መጀመሪያማ እምቢ ብሎኝ ነበር። የሰው ቁልፍ ለመቅረጽ አልረዳም አለኝ።»

«እሺ?»

«የራሴ ነው አልኩት።»

«አመነህ?»

«አመነኝ።»

«እኔ ፊቱን እያየሁ፣ ሚስቱን አስመስክሬ የማላምነውን ሰው፣ እሱ በአንድ ቃል አመነህ!»

«እውነቴን እኮ ነው ጋሼ፤ የራሴ ነው!»

«ያንተ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ! እሱ በምን አወቀ?»

ጎማ ጠጋኙ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

በዚያው ዕለት ሱቃቸውን በጊዜ ዘግተው ፎቶ ቤት ሄዱ። ልጃቸው ነገሩን ስትሰማ ደነገጠች፤ ወዲያው ስልኳን አወጣች።

«አጠፋሁት አባዬ።»

«ከየት?»

«ከገጼ ላይ።»

«ከሰዎቹስ ስልክ?»

 ቪዲዮውን ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ሼር አድርጎታል፤ የማታውቃቸው ገጾችም ወስደው የራሳቸው አስመስለው አውጥተውታል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። አባትየው አልተቆጧትም፤ እሷን የጎዳትም ይኸው ነው። «ቁልፎቹን ያዞርኩት እኔ፣ በገዛ እጄ» አሉና ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ዘጠና ስድስቱን ሲሊንደሮች በሙሉ ሊቀይሩ ወሰኑ፤ ከደንበኛ ሳንቲም ሳይቀበሉ። ልጃቸው አስተያየቶቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብባ፣ በገዛ አፋቸው ቤታቸውን ያሳወቁትን ለየች። አርባ አንድ ሆኑ። ከእነሱ ይጀመር ተባለ። ጋሽ ሞረድ የመሣሪያ ቦርሳቸውን ይዘው በር ማንኳኳት ጀመሩ፤ ብስጭቱም ከዚህ ይጀምራል። በር መቀየር ቀላል ነው፤ ሰው በሩን እንዲያስቀይር ማድረግ ነው መከራው።

የፋርማሲዋ ባለቤት መድኃኒት ከሚጠብቁ ስድስት ሰዎች ፊት ተቀበለቻቸው።

«ውይ ጋሼ፣ አይልፉ! እኔ እኮ ካሜራ አስገብቻለሁ። ቤቴን የማየው ከስልኬ ላይ ነው።»

«አንቺ ከስልክሽ ካየሽው ሌላው ከስልኩ የማያየው ለምንድን ነው?»

«የይለፍ ቃል አለዋ! የልጄ ልደት ነው፤ ሰኔ…»

እጃቸውን ዘርግተው ሊያስቆሟት ቢሞክሩም ቀኑንም ዓመቱንም ጨርሳ ነበር። ከተሰለፉት አንዷ፣ «የእኔም ልጅ ሰኔ ነው» አለች። ጋሽ ሞረድ ግንባራቸውን ይዘው ወጡ።

አንዱ፣ «ምን አለኝና ነው የሚሰርቁኝ?» ይላቸዋል። «ምንም ከሌለህ ድሮስ ለምን ትቆልፋለህ?» ይሉታል። ሌላው፣ «ሥራ ቀዝቅዞብዎት ነው?» ብሎ ይስቃል። ከሁሉ ያንገበገባቸው ግን ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ያለው ሰውዬ ነው። «ጋሼ፣ ስልኬ የት እንደዋልኩ፣ ምን እንደገዛሁ፣ ማንን እንዳኮረፍኩ ያውቃል። ከእንግዲህ ምን ልደብቅ ብዬ ነው?» አላቸው፤ ቀልዱን እንደሆነ እንጃ። ጋሽ ሞረድ ከሌባ ይልቅ በዚህ ሰው ተናደዱ። ሌባ እንኳ በር መኖሩን ያምናል፤ ይሄኛው በሩን ራሱ ትቶታል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ቢሉት፣ «እሱንም ጽፈው ያውጡትና ላይክ እናድርግልዎት» ብሎ በሩን ዘጋ። በዚያው ቁልፍ።

የማንም ቤት አልተዘረፈም። ይህ ለሰፈሩ ማስረጃ ሆነለት፤ ለእሳቸው ግን ዕረፍት ነሣቸው። በየዕለቱ ጠዋት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ «የማንም ቤት አልተከፈተም?» በእሳቸው እጅ በተቀረጸ ቁልፍ፣ እሳቸው ባዞሩት ጥርስ አንድ ቤት ቢከፈት፣ ሰላሳ ስምንቱ ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው።

ከእምቢተኞቹ ሁሉ የጸኑት ጡረተኛዋ መምህርት ናቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከሦስተኛ ፎቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጋሽ ሞረድ አራት ጊዜ ደረጃውን ወጥተው አራት ጊዜ ወርደዋል። አስተያየት ከጻፉት መካከል መምህርቷ የሉም፤ ስልካቸው ለመደወል ብቻ የሚያገለግል ነው። ነገር ግን ከታች ያለችው ጎረቤት ስለ ራሷ ቁልፍ ስትጽፍ፣ «ከጎኗ ያለችው የእትዬ መምህርት ናት፤ ምስኪን፣ ብቻቸውን እኮ ናቸው» ብላ ጨምራለች። በአዘኔታ!

«እትዬ፣ እባክዎ። አሥር ደቂቃ ነው።»

«አይሆንም አልኩህ፣ አንተ ልጅ። ልጄ ውጭ አገር ሲሄድ የዚህን በር ቁልፍ ይዞ ነው የሄደው። ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። መጥቶ በሩ እምቢ እንዲለው ነው የምትፈልገው?»

«ያንኳኳል፣ እትዬ!»

«የራሱን ቤት?»

 በስድሳ ሰባት ዓመታቸው «አንተ ልጅ» ተብለው፣ ቦርሳቸውን አንስተው ወረዱ።

ሰኞ መጋቢት 9 ቀን ላይ ሒሳቡ እንዲህ ነበር፤ ከዘጠና ስድስቱ ሃምሳ ሰባት ተቀይረዋል፤ ሃያ አራቱ እምቢ ብለዋል፤ አሥራ አምስቱ ነገ ዛሬ እያሉ ነው። ጎማ ጠጋኙ ራሱ፣ ነገሩን ያወጣው ሰውዬ፣ ከአሥራ አምስቱ አንዱ ነበር። በዚያ ቀን ጠዋት በሩን በጓጉንቸር ዘግቶ ሲሊንደሩን ነቅሎ አመጣ። ጋሽ ሞረድ በሥራ ላይ ሳሉ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልካቸው ጮኸ። መምህርቷ ናቸው። «ናና ቀይርልኝ» ብለው ዘጉ። ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ሲሉ ጋሽ ሞረድ ሥራውን ባለበት ትተው ሮጡ።

አሮጌውን ሲሊንደር ነቅለው አዲሱን እያስገቡ ሳለ መምህርቷ ከኋላቸው ቆመው ነበር።

«ትናንት ሲደውልልኝ ነገርኩት» አሉ። «ቁልፉን ሊቀይሩት ነው፣ ያንተ አይሠራም ብዬ። ‹የቱ ቁልፍ?› አለኝ።»

ጋሽ ሞረድ ብሎኑን አጠበቁ። ከጠበቀም በኋላ ትንሽ አዞሩት።

«እንደ ድሮው ሦስተኛዋን አንተ ትይዛታለህ?» አሉ መምህርቷ።

«አልይዝም። ሦስተኛ መያዝ ትቻለሁ። ለእርስዎ አንድ፣ ለልጅዎ አንድ።»

«እንዴት አድርጌ እሰድለታለሁ?»

«እኔ እሰድለታለሁ። አድራሻውን በእጅዎ ይጻፉልኝ።»

ጻፉላቸው፤ በዚያ የሰሌዳ ላይ ጽሕፈት በሚመስል ጥርት ያለ እጃቸው። ጋሽ ሞረድ ቁልፏን የጥርሷ ቅርጽ በወረቀቱ ላይ እንዳይታተም በሁለት ካርቶን መካከል አድርገው በፕላስተር ጠቀለሏት፤ ፖስታ ውስጥ ከተቷት፤ ወደ ፖስታ ቤት ሄዱ። ሰልፉ ረጅም አልነበረም፤ ግን አይንቀሳቀስም። ተራቸው ሲደርስ የመስኮቷ ሠራተኛ ፖስታውን መዘነች።

«ውስጡ ምንድን ነው፣ አባባ?»

«ቁልፍ።»

«ቁልፍ ብቻ? ታዲያ ፎቶ አንስተው በስልክ ቢልኩለት እዚያው ያስቀርጸው የለ? ዛሬ ማን በፖስታ ይለፋል?»

ጋሽ ሞረድ ጣታቸውን ወደ ማኅተሟ ቀሰሩ። ከኋላቸው ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ» አሏት፣ «ማኅተምሽን ምቺ።»

መታችው። በአደራ ደብዳቤ ተመዝግቦ የመዝገቡ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ተሰጣቸው። ለመምህርቷ በስልክ ቢነግሯቸው ይበቃ ነበር፤ ግን ቁጥር በስልክ አይነገርም ብለው ሦስቱን ፎቅ እንደገና ወጡ። መምህርቷ መነጽራቸውን አድርገው የደረሰኙን ቁጥር ጮክ ብለው አነበቡ። ጋሽ ሞረድ ካጠገባቸው ቆመው፣ መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ገልብጠው ከመጡት ጋር አስተያዩት። ልክ ነበር። አዲሱን ቁልፍ መምህርቷ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ከፍተው ሁለት ጊዜ እንዲቆልፉ አደረጓቸው፤ ወለሉ ላይ የረገፈውን የብረት ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ፤ ደህና ይዋሉ ብለው ወረዱ።